በግራ እጅ የተለሰነ ቤት

እብነ በረድ ቀራጩ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር። መጀመሪያ፣ "ለመቃብር ነው ለምርቃት?" አለኝ። ለምርቃት ነው አልኩት። "እንግዲያው ስምና ዓመተ ምህረት ጻፍልኝ። ሐሙስ መጥተህ ትወስዳለህ።" ቁራጭ ወረቀትና እስክርቢቶ አቀበለኝ። ስሙን ጻፍኩ። ዓመተ ምህረቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሐሙስ አለፈ። ድንጋዩን ከፍዬ አምጥቼዋለሁ፣ ግን ባዶውን ነው።

ነገሩ የአጎቴ ሐሳብ ነው። ባህር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ የአያታችን ግቢ በነበረው ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ቱ ሠርተናል። ምድሩ ሱቅ ነው፣ አንደኛው ፎቅ ላይ እናቴ ትኖራለች፣ ሁለተኛው ይከራያል። ስድስት ዓመት ፈጀብን። ሲሚንቶ የጠፋበትን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። ፌሮው በየሳምንቱ ዋጋ የሚቀይርበትንም፣ መንገድ ሲዘጋ አሸዋው የሚቀርበትንም እንደዚያው። ያን ሁሉ አልፈን ሲያልቅ አጎቴ፣ "በሩ ላይ የአባባ ስም ይጻፍ" አለ። "ይህ ቤት በ1954 ዓ.ም. ተሠርቶ በ2016 ዓ.ም. እንደገና ታነጸ" የሚል። ማን ይቃወማል? ሁላችንም አጨበጨብን። ሥራው ለእኔ ተሰጠ። በቤተሰቡ ውስጥ "የሚጽፈው ልጅ" እኔ ነኝ።

እኔ ግን አንድ ካርቶን አለኝ። ቁም ሳጥኔ ሥር ተቀምጧል። ውስጡ በፌስታል የተጠቀለለ፣ የእንጀራ ሰፌድ ግማሽ የሚያህል የጭቃ ቁራጭ አለ። እስክርቢቶ ይዤ የቆምኩት እሱ ትዝ ብሎኝ ነው።

የፊት ቤትና የጓሮ ቤት

አያቴ ከዳንግላ በኩል ወደ ባህር ዳር የመጣው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት ጊዜ፣ በ1953 ዓ.ም. ገደማ ነው። ፋብሪካው በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተተከለው ነው። ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱ (ፖሊ) በ1955፣ የጢስ አባይ መብራት በ1956 ተከትለው መጡ። ጀርመኖች የከተማዋን ማስተር ፕላን ሲነድፉ፣ ጃንሆይ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ ነው የሚል ወሬም ይናፈስ ነበር። አያቴ ይህን ወሬ አምኖ ቤት የሠራ ሰው ነው። "ከተማው ሲመጣ ከተማው መሃል እገኛለሁ" ይል ነበር አሉ።

መጀመሪያ የተሠራው መንገድ ዳር ያለው፣ አራት ክፍል የሆነው የፊት ቤት ነው። አያቴ ምሰሶውን የወይራ፣ በሩን የዋንዛ፣ ጣሪያውን ቆርቆሮ አደረገው። የተሠራው በ1954 ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ቤቱ ግን የተሠራው ሊኖርበት አልነበረም። ለኪራይ ነው። ቤተሰቡ የተቀመጠው ከኋላ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ በተሠራችው ሁለት ክፍል ጎጆ ቢጤ ውስጥ ነው። የጓሮ ቤት እንላታለን። የፊት ቤቱና የጓሮ ቤቱ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። በመሃላቸው ያለው አንድ ሰው ጎኑን ሰጥቶ የሚያልፍበት ቀጭን መተላለፊያ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ሄደ። የእኛ የፊት ቤት ትርፍ ተባለ። አያቴ ሁሉን ያፈሰሰበት ቤት፣ ከራሱ ጓሮ እያየው፣ የሌላ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1969 ሞተ። ሐኪም በሽታውን በስሙ ጠርቶታል። አያቴ ሴቷ ግን እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ "ቤቱ ነው የገደለው" ነው የምትለው።

በ1968 የፊት ቤቱ ሁለት ክፍል በቀበሌ በኩል ለአንዲት ሃያ ዓመት ለሆናት ልጅ ተሰጠ። ጨርቃ ጨርቅ፣ ሽመና ክፍል ነበር የምትሠራው። ስሟን አልጠራም። ሰፈሩ ሁሉ፣ እኛ ልጆቹም፣ "እትዬ ፋብሪካ" ነው የምንላት። አርባ ዓመት ኖረችበት። ለቀበሌ የምትከፍለው ኪራይ በኋላ በኋላ የአንድ ኪሎ ቲማቲም ዋጋ እንኳን አይሞላም ነበር። አያቴ ይህን ስታስብ ታርራለች። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ትላለች ወደ መተላለፊያው እያየች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እትዬ ፋብሪካ ግን የወጋችው ማን ነበረች? ቁልፍ ሰጧት፣ ገባች። ይህንን ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። በልጅነቴ ለእኔ "ቤታችንን የወሰደችው ሴትዮ" ነበረች።

ሁለቱን ሴቶች "እንዴት አደርሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ከዚያ የዘለለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን እትዬ ፋብሪካ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ስመለስ አያቴ፣ "በግራ እጅ የተቀዳ ቡና ጠጥተህ መጣህ?" አለችኝ። እትዬ ፋብሪካ ግራኝ ነበረች። ምግቡን በቀኟ ትበላለች፣ እናቷ በአለንጋ አስተምራታለች። ሥራ ላይ ግን ግራዋ ይቀድማል። ጀበናውን በግራ፣ መጥረጊያውን በግራ፣ ቢላዋውንም በግራ ነው የምትይዘው።

አያ አናጢው ያየው ነገር

መንገዱ ሲሰፋ የፊት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሄደ። ግማሽ ቀን ብቻ ነው የፈጀው። እትዬ ፋብሪካ ከከተማው ዳር ምትክ ቤት ተሰጣት። ዕቃዋን በጋሪ ጭና ስትሄድ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እናቴ ግን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኝታታለች።

እንግዲህ የጓሮ ቤታችን፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በአንድ ቀን የመንገድ ዳር ቤት ሆነች። ሰው ሳያያት የኖረች ቤት ድንገት ፊቷ ተገለጠ። ደስ የሚል ነገር ይመስላል። ግን ወዲያው፣ በዚህ መስመር ፎቅ ካልሆነ አይቻልም፣ በስታንዳርዱ ሥሩ ወይ ቦታው ለሚሠራ ይሰጣል ተባልን። እናቴ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣች። ከዚያ አክስቴ ከውጭ ላከች፣ አጎቴ መኪናውን ሸጠ፣ እኔ ተበደርኩ። የጓሮ ቤትም ልትፈርስ ሆነ።

ለማፍረስ የመጣው ሰው ሽማግሌ አናጢ ነው። የድሮ እንጨት ይገዛል፣ ስለዚህ ራሱ ያፈርሳል። "አያ" እንለዋለን። ቆርቆሮውን ካወረደ በኋላ የእናቴን መኝታ ቤት ግድግዳ በዶማ ጀርባ መታ መታ ሲያደርገው ሽፋኑ እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ወረደ። ከላይ እኔ የማውቀው ሰማያዊ ቀለም አለ። ከሥሩ ስስ ሲሚንቶ፣ ከሥሩ ኖራ፣ ከዚያ ጋዜጣ። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ አዲስ ዘመን ነው። ድሮ ግድግዳ የሚያለብሱበት ወረቀት እሱ አልነበር? ጠጋ ብዬ አየሁት። ስለ ሶማሌ ወረራ የሚያወራ ገጽ ነበር። 1970 ማለት ነው።

ከጋዜጣው ሥር ለስላሳው ልስን፣ ከልስኑ ሥር ደግሞ ምርጊቱ አለ። የጭቃ ቤት ሲሠራ ላላየ ልንገር። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል። ይሸታል፣ ግን ካልቦካ እንጨት አይዝም። ከዚያ ማገሩ ላይ በእጅ እየተወረወረ ይመረጋል። ምርጊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አራት ጣት ዘርግቶ በላዩ ላይ መጎተት አለ። የሚቀጥለው ልስን የሚጨብጠው ነገር እንዲያገኝ ነው። ግድግዳው ላይ እንደ እርሻ ትልም የሚመስሉ፣ ደጋን የሠሩ አራት አራት መስመሮች ይቀራሉ። ከዚያ ልስኑ ይሸፍናቸዋል። ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ማንም አያያቸውም።

አያ ዶማውን አስቀመጠና መስመሮቹን በመዳፉ ዳሰሰ። "ይሄን የመረገው ግራኝ ነው" አለ።

ግራኝ ሲባል የባህር ዳር ልጅ የት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። እኔም ለአንድ አፍታ የጣና ገዳማት ትዝ አሉኝ። ከዚያ፣ "እንዴት አወቅህ?" አልኩት። እጁን አየር ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። የቀኝ እጅ ሲጎትት ደጋኑ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላል፣ የግራ ሲሆን ወደ ሌላው። "እዚያ ተመልከት" አለኝ ሌላኛውን ግድግዳ እያሳየኝ። እውነትም ያኛው ወደዚያ፣ ይሄኛው ወደዚህ ያዘነብላል። "ሁለት ሰው ነው የሠራው። ይሄ ከዚያኛው በኋላ ነው። ጭቃውም ሌላ ነው፣ ጭዱ በዝቷል።"

አያቴ በ1969 ሞቷል። ጋዜጣው የ1970 ነው። አያቴ ደግሞ በቀኝ እጁ ነበር የሚሠራው፣ የኮቱን ኪስ ይዞ የተነሳው ፎቶ አለን። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አላሰብኩትም። አንድ ቁራጭ ግን በጥንቃቄ አስነሳሁና በፌስታል ጠቀለልኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩም። የዋንዛውን በር አጎቴ ወሰደው። ሁሉም በር ይወስዳል። ጭቃ የወሰድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

መሠረት ስንቆፍር ውሃ አገኘን። ሐይቁ ቅርብ ነው፣ ገና ጥቂት ሳይወርዱ ጉድጓዱ ይሞላል። ቀን ከሌት በሞተር እያወጣን፣ በዚያው ሳምንት ቧንቧችን ደርቆ እናቴ የመጠጥ ውሃ በጀሪካን ትገዛ ነበር። "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው" የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መቼም ጊዮርጊስ ጀርባ ቤት ሠርቶ መሆን አለበት። ከዚያ ጥቁር ድንጋዩ፣ አርማታው፣ ኮለኑ፣ ሶሌታው፣ ብሎኬቱ። ስለዚህ የምጽፈው የለኝም። ገንዘብ ያለው ቤት ይወጣል፣ ገንዘብ ሲያልቅ ይቆማል።

ሦስት ቀን

ከእብነ በረድ ቀራጩ ሱቅ የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴን ጠየቅኋት። ካርቶኑን ከፍቼ አሳየኋት። ጭቃውን ስታይ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች። "እማዬ፣ ይሄን ማነው የሠራው?"

"እሷ ትንገርህ" አለችኝ። "እኔ ምያለሁ።"

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ መሐላ! በስምንት ዓመቷ የማለችውን። አስምላት የነበረችው እናቷ ከሞተች እንኳን አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሌላ አንድ ቃል ልታወጣ አልቻለችም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ባጃጅ ተኮናተርኩ። እትዬ ፋብሪካ ሰባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት። በሩ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ በግራዋ። ስሜን ሳልነግራት አወቀችኝ፣ "የአያትህን ግንባር ይዘህ የት ትደበቃለህ" አለችኝ። ካርቶኑን አስቀምጬ ፌስታሉን ፈታሁ። ጭቃውን አየችው። ምስሩን ወደ ጎን አደረገች። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ አራት ጣቷን መስመሮቹ ላይ አሳረፈች።

ጣቶቿ በእርጅና ወፍረዋል፣ ቋጠሮ አውጥተዋል፣ ትልሙ ውስጥ አይገቡም። አቅጣጫው ግን ልክ ነው። እጇ ራሱ አውቆት በደጋኑ ላይ ወረደ። የተቀመጥኩበት ዱካ ላይ ሆኜ ይህን ሳይ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

"ጭዱ በዛ ብዬ ነበር" አለች። "አያትህ ናት ያበዛችው።"

ከዚያ ነገረችኝ። በ1970 ክረምቱ ከባድ ነበር። ነሐሴ ላይ የጓሮ ቤቱ አንድ ሙሉ ግድግዳ፣ ከነማገሩ፣ በሌሊት ወደ መተላለፊያው ወደቀ። አያቴ ሴቷ ባሏ ከሞተባት ዓመት አልሞላትም። ትልቁ ልጇ፣ ይኸው አጎቴ፣ አዲስ አበባ ነው። ደቦ ለመጥራት ጠላ መጥመቅ ያስፈልጋል። ለጠላ ጌሾ፣ ለጌሾ ገንዘብ። ስለዚህ አያቴ ቀሚሷን ሰብስባ ራሷ ጭቃ መርገጥ ጀመረች።

"እኔ የማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ" አለች እትዬ ፋብሪካ። "ጠዋት ስገባ አየኋት። ብቻዋን ትረግጣለች። ሴትዮዋ ምርጊት አታውቅም፣ የገበሬ ልጅ ሆና እንኳን! ዝም ብዬ ገብቼ ልተኛ ነበር። እንቢ አለኝ። ወጣሁና መምረግ ጀመርኩ።"

"ምን አለችሽ?"

"ምንም። ማን ሊነጋገር? ከእኔ ጋር እኮ አትነጋገርም።"

ሦስት ቀን እንደዚያ ሠሩ። አያቴ በእግሯ ታቦካለች፣ እትዬ ፋብሪካ በግራ እጇ ትመርጋለች። በመሃላቸው ያለው ርቀት ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። የሚነጋገሩት በእናቴ በኩል ነበር። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እናቴ በሁለቱ መሃል ቆማለች። "ውሃ ጨምሪ በያት" ትላለች እትዬ ፋብሪካ። እናቴ ዞር ብላ፣ "እማዬ፣ ውሃ ጨምሪ አለች" ትላለች። "ጭዱ በዝቷል በያት።" "እማዬ፣ ጭዱ በዝቷል አለች።" "ለራሷ ታውቃለች ወይ በያት።" እንደዚህ። ሁለቱም ይሰማማሉ፣ መልሱን ግን ከልጅቷ አፍ ይጠብቃሉ። እትዬ ፋብሪካ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ምስሩ ሰፌድ ላይ ተበተነ።

"ለምን ረዳሻት?" አልኳት። የሆነ የሚያምር መልስ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

"ግድግዳው የወደቀው እኔ ማድ ቤት ላይ ነው" አለችኝ። "ለእናንተ ብዬ መሰለህ?"

በሦስተኛው ቀን ማታ ሲጨርሱ አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረቻት። ያለቻት፣ "ለቀበሌ እንዳትነግሪ" የሚል ነበር። አንድም ግድግዳ ያለ ፈቃድ ማንሳት ያስጠይቃል ብላ ፈርታለች። እንደኔ እንደኔ ግን ከቀበሌ የበለጠ የፈራችው ሌላ ነገር ነው። "ቤቴን የወሰደችው" ስትላት የኖረችውን ሴት ጎረቤት ሁሉ ግድግዳዋን ስትመርግላት ቢያይ ከዚያ በኋላ ምን ልትላት ነው? ልጇን አስማለች። እትዬ ፋብሪካም ቃሏን ሰጠች። ነገሩን በልስን ሸፈኑት፣ ጋዜጣም ለጠፉበት።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የሚለሰነውስ? እኔ ልጅ ሆኜ ጠዋት ስነሳ የመተላለፊያው በኩል ያለው ግድግዳ እርጥብ ሆኖ አገኘው ነበር። አያቴ ናት ብዬ ነው የማስበው። እትዬ ፋብሪካን ስጠይቃት ምስሯን መልቀም ጀመረች። "የማታ ፈረቃ ሰው ሌሊት ምን ይሠራል?" ብቻ አለችኝ።

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ የተሰማኝ ነገር ግራ የገባው ነው። በአንድ በኩል ደስ አለኝ። በሌላ በኩል አያቴ ላይ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት "እንዴት አደርሽ" ብቻ? በግራ እጅ ስለተቀዳ ቡና እኔን መቆጣት፣ በግራ እጅ የተመረገ ግድግዳ ሥር እየተኙ? ጊዮርጊስ አደባባይ ስደርስ ግን ንዴቱ በረደልኝ። አያቴ ሁለት ነገር ነው የያዘችው፣ ሁለቱም እውነት ነው። ቤቷ ተወስዶባታል። ግድግዳዋን ደግሞ በወሰዱባት ቤት ውስጥ የምትኖር ሴት አቁማላታለች። አንዱን ጮክ ብላ ተናገረች፣ ሌላውን ግድግዳ ውስጥ ደበቀችው። እኔ ብሆንስ?

ዓመተ ምህረቱ

አሁን ያንን ወረቀት አስቡት። ምን ብዬ ልጻፍ? የ1954ቱ ቤት የፊት ቤት ነው። እሱ ዛሬ አስፋልትና የእግረኛ መንገድ ሥር ነው፣ ዘንባባ ተተክሎበታል። ፎቃችን የቆመው ጓሮው ላይ ነው። የጓሮ ቤቷ ደግሞ አንዱ ግድግዳዋ ወንዱ አያቴ የሠራው ነው፣ አንዱ የ1970 ነው፣ ሌላው በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ የተሠራ ነው። ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ ያለው፣ የፔድሮ ፓኤዝ ነው የሚባለው የድንጋይ ሕንፃ አንዴ ተሠርቶ ይኸው ወደ አራት መቶ ዓመት ቆሟል። እንደዚያ ላለው ቤት ዓመተ ምህረት መጻፍ ቀላል ነው። የጭቃ ቤት ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር ነው የሚሠራው።

ለአጎቴ ነገርኩት። እናቴም አጠገቤ ነበረች፣ እትዬ ፋብሪካ ራሷ ስለተናገረች መሐላዋ ወርዶላታል። አጎቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "አባባ ነው የሠራው" አለ። አልተከራከርኩም። ሰውየው መኪናውን ሸጦ ነው ሕንፃውን የሠራው፣ የአባቱን ስም በር ላይ ማየት ቢፈልግ አይፈረድበትም። "እሺ፣ ዓመተ ምህረቱን አንተ ጻፍ" ብዬ እስክርቢቶውን ሰጠሁት። አልጻፈውም። "ነገ" አለ። እስካሁን ነገ ነው። ድንጋዩ ደረጃ ሥር ቆሟል፣ የሁለተኛው ፎቅ ተከራዮች ጀሪካን ያስደግፉበታል።

ለጥምቀት ማግስት እናቴ እትዬ ፋብሪካን ቡና ጠራቻት። እኔ ነኝ ያመጣኋት። ከባጃጁ ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው ሕንፃውን አልነበረም፣ አስፋልቱን ነው። ዘንባባው ጋ ቆመችና፣ "አልጋዬ እዚህ ጋ ነበር" አለች። ከዚያ ደረጃውን አንድ በአንድ፣ በግራ እጇ መደገፊያውን ይዛ ወጣች።

ሳሎን ገባች። ሳር ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። አጎቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ሦስቴ ሳማት። በሕይወቴ ሲስማት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ሁላችንም ምን እንደምንል ጠፋን። እሷ ግን ወደ ግድግዳው ሄደች። ጂሶው ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በመዳፏ ከላይ ወደ ታች አወረደችው። በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ እንደ ጥሩ ባለሙያ።

"ቆንጆ ልስን ነው" አለች። "ማነው የለሰነው?"

አጎቴ እኔን አየኝ። እኔ እናቴን አየኋት። ልጆች ነበሩ፣ ከሩቅ አገር የመጡ፣ አምስት ወይ ስድስት፣ ባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሆነው እየዘፈኑ የሚሠሩ። አንዱ ሁልጊዜ ቀይ ኮፍያ ያደርጋል። አሸዋና ውሃ የምታቀብላቸው አንዲት ልጅም ነበረች፣ ሕፃን አዝላ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ገንዘብ የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ።

"የአንዳቸውንም ስም አላውቅም" አልኩ።

እትዬ ፋብሪካ አንዴ አየችኝና መልሳ ግድግዳውን ዳሰሰች። እናቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና፣ "ኑ፣ ቡናው ይቀዘቅዛል" አለች።